የአዋጅ ቤት የአራት ዓመት ትምህርት

ሃ ሃ ሃ… ቆዩ፣ ቆዩ፣ እንባዬን ልጥረግ። ሰውየው እኮ ትምህርቱን በላው ነው የምላችሁ። ሰባት ሊቃውንት ተሰብስበው፣ ስንት ቀን ተከራክረው፣ «መጠየቅ» የሚባለውን ትምህርት ሁለተኛው ዓመት ላይ አስቀመጡት። መምህር ሽበሺ ደግሞ ሳያስበው ብድግ አድርጎ ቆረጠመው። ምን ይደረግ፣ የተቆላ ሽምብራ ነዋ። ኧረ ይሄ ምኑ ተይዞ። ፀጉር የሚያቆመው ኋላ ነው የሚመጣው፤ እሱን የምትሰሙት ግን ከሥሩ ጀምሬ ስነግራችሁ ነው።

እንግዲህ አንድ አገር ነበረ። ስሙን ብነግራችሁ «ዘመድ አለኝ እዚያ» የሚል ስለማይጠፋ ይቅር።

በዚያ አገር ነጋሪት ተጎስሞ ያልተነገረ ነገር አልሆነም። ሕጉ ይሄው ነው። ሰማዩ ተቀዶ ቢዘንብ፣ አዋጅ ነጋሪው ወጥቶ «ዘነበ» እስኪል ድረስ ከዝናብ የሚሸሽ ሰው የለም፤ ገበያተኛው ጨዉ እየሟሟበት፣ በርበሬው በጎርፍ እየሄደበት፣ ቆሞ ስለ ድርቁ ያወራል። የወለደች ሴት ነጋሪው ደጇ መጥቶ እስኪናገርላት ድረስ፣ ሕፃኑን አቅፋ እያጠባች «መቼ ነው የምትወልጂው?» ትባላለች። «ደርሻለሁ» ትላለች እሷም። ይሄ ሁሉ ያስቃል። ሞት ላይ ሲደርስ ግን አያስቅም።

ሰው ሞቶ ካልተነገረለት አይሄድም። ጀምበር ማዘቅዘቅ ስትጀምር ይመጣል፣ እንደ ሞተ ሆኖ፤ በእሳት የሞተው ጢስ ጢስ እየሸተተ፣ ከገደል የወደቀው አፈሩን እንደ ለበሰ። በገዛ ቤቱ ደፍ ላይ ይቀመጣል። አይገባ፣ አይወጣ፣ አይናገር። ሲነጋ የለም፤ በማግስቱ አመሻሽ ላይ እዚያው ነው። ሚስት ብታለቅስ ደግሞ ወንጀል ነው። «ከአዋጅ የቀደመ ለቅሶ» ይባላል፤ ባነባችው ልክ ጨው ያስልሷታል።

ድሮ ይሄ ችግር አልነበረም። አንድ ሽማግሌ ነጋሪ ነበሩ፣ ሥራውን ከአባታቸው የተማሩ። ጠዋት ለሞተ ሰው ከቀትር በፊት ይናገሩለት ነበር፤ ሰውም ያለቅሳል፣ ሟችም ይሄዳል። እሳቸው ራሳቸው ሲሞቱ ግን ማን ይናገርላቸው? መጥተው አደባባዩ ላይ፣ ከነጋሪታቸው ሥር ተቀመጡ። አመሻሽ ባለ ቁጥር እጃቸውን ቆዳው ላይ ጣል አድርገው፣ ዝም። ያን ጊዜ ሰው ሁሉ አደባባዩን በሩቁ መዞር ጀመረ። ንጉሡም ነገሩን ሰምተው አዘዙ፦ «ከእንግዲህ ያልተማረ አፍ ነጋሪት አይነካም። ለነጋሪዎች የአራት ዓመት ትምህርት ይውጣላቸው፤ በማዕረግ ይመረቁ።»

ሰባቱ ሊቃውንት ለዚህ ነው የተሰበሰቡት። በአዋጅ ቤት ወለል ላይ ትልቅ የበሬ ቆዳ ዘርግተው፣ በከሰል አራት ቦታ ከፈሉት፤ አራት ዓመት መሆኑ ነው። አንድ ሽምብራ የአንድ ወር ትምህርት ነው። አርባ ስምንት ሽምብራ ተቆጥሮ ተሰጣቸው። እነዚያ ጥምጣማም ሽማግሎች ተንበርክከው ቆዳው ላይ እየዳሁ ሽምብራውን ወዲህ ሲገፉ፣ ወዲያ ሲመልሱ ይውላሉ። ነጋሪት በግራ ይያዝ ወይስ በቀኝ በሚለው ብቻ ስድስት ቀን ተከራከሩ። ነጋሪቱን አምጥተው እንዳያዩ፣ ሽማግሌው አሉበት።

የሰባቱ አለቃ፣ አለቃ ጓንጉል፣ ድምፃቸው ማር ነው። ሰው ሲቆጡ እንኳ የመረቁት ይመስለው ነበር። ሽበሺ ደግሞ ሆዳም ነው፤ የ«መጠየቅ»ን ነገር ነግሬያችኋለሁ። ሲቆረጥም ሁሉም ሰምተዋል። ግን «የት ሄደ?» ለማለት ያው መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ትምህርቱ ደግሞ ተበልቷል። በቦታው «ጭብጨባ መጠበቅ» የሚል ሽምብራ ተተካ።

በዚሁ ሰሞን ነው ድልድዩ የተደረመሰው። ንጉሡ ያሠሩት ነው። ሲመረቅ ሽማግሌው ነጋሪ፣ በሕይወት ሳሉ፣ «ይህ ድልድይ መቶ ዓመት ይቆማል» ብለው አውጀውለት ነበር። ስለዚህ ቆሟል። ሰዉ በታች በኩል እስከ ወገቡ ውሃ ውስጥ ገብቶ ይሻገርና ልብሱን እየጨመቀ «በድልድዩ መጣሁ» ይላል። ሲደረመስ ላዩ ላይ የነበሩት ዘጠኝ ሰዎች ግን በዚያው ቀን አመሻሽ ላይ፣ በየቤታቸው ደፍ ላይ ተቀምጠው ተገኙ። ከዘጠኙ አንዱ ደምለው ነው፤ ማር ሊሸጥ ሲሻገር የነበረ። ሚስቱ አንጓች ትባላለች።

አንጓች አሥራ አንድ ቀን ቻለችው። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ነጠላዋን መቀነቷ ላይ አስራ አዋጅ ቤት ገባች። ሊቃውንቱ ቆዳው ላይ በአራት እግራቸው እንዳሉ ቀና አሉ።

«ምን ፈለግሽ፣ ልጄ?» አሉ አለቃ ጓንጉል።

«ባሌ ደፌ ላይ ተቀምጧል፣ ጌታዬ። ዛሬ አሥራ ሁለተኛ ቀኑ ነው።»

«ደግ ነው። ባል ደጅ ሲቀመጥ ቤት ይከበራል።»

«ውሃ ያንጠባጥባል።»

«ወሩ ሞቃት ነው። አልቦት ይሆናል።»

«ትናንት ከጉያው ዓሣ ወደቀ።»

ሊቃውንቱ ተያዩ። ሽበሺ መቆርጠሙን አቁሞ፣ «ትልቅ ነው?» አላት።

አንጓች ወደ አለቃው ጠጋ አለች። «አንድ ሰው ስጡኝ» አለች፣ ዓይኗን ከአለቃ ጓንጉል ሳትነቅል። «ነጋሪት መትቶ ደምለው ሞቷል ይበልልኝ። አልቅሼ ልሸኘው። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

«የተማረ ነጋሪ የለንማ፣ ልጄ። ይኸው ለዚያ አይደል ጉልበታችን የሚላጠው?»

«እንግዲያው ይማሩልኝ። ለመሆኑ ያን ሁሉ ሽምብራ ስትደረድሩ፣ ያየኸውን ተናገር የሚል አለበት?»

ሰባቱም ጎንበስ ብለው ፈለጉ። ከመጀመሪያው ዓመት እስከ አራተኛው ዓመት ዳሁ፣ ተመልሰው ዳሁ። የለም።

«ረስተነዋል አይባልም» አሉ አለቃ ጓንጉል፣ ጉልበታቸውን እያሹ። «አልደረስንበትም እንጂ። ችግሩ አርባ ስምንቱም ወር ሞልቷል።»

«ጳጉሜንስ?» አለች አንጓች።

አያችሁ፣ ሊቃውንቱ አሥራ ሁለቱን ወር ሲደለድሉ ጳጉሜንን የቆጠራት የለም። አለቃ ጓንጉል አንድ ሽምብራ አንስተው በጥርሳቸው ለሁለት ከፈሉት፤ ግማሿን ክክ ከአራተኛው ዓመት መጨረሻ፣ ቆዳው ከሚያልቅበት ጠርዝ ላይ አስቀመጧት። «ያዩትን መናገር። አምስት ቀን። ይኸው ገባልሽ።»

«ከመጀመሪያው ለምን አይሆንም? እሱ እኮ አሁን ነው ደፌ ላይ ያለው።»

«እንዲያማ አይሆንም። ያዩትን ለመናገር መጀመሪያ መቆም መማር አለ። ከመቆም በኋላ ማለስለስ። ከማለስለስ በኋላ አለማየት። አለማየትን ሳይማር ያዩትን መናገር ውስጥ የገባ ሰው ዝም ብሎ ያያላ።»

ስድስቱ ሊቃውንት «እውነት ነው» ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ተማሪውስ ማነው?» አለች። ማንም የለም። በአገሩ ላይ ልጁን ወደዚያ ነጋሪት የሚልክ ወላጅ አልተገኘም። «እኔ እማራለሁ» አለች።

«ፊደል ቆጥረሻል?»

«አልቆጠርኩም። አፍ ግን አለኝ።»

«አፍማ ለትምህርታችን የሚያስፈልገው ዋናው ነው» አሉ አለቃ ጓንጉል፣ ፈገግ ብለው።

ጎረቤቷ ዘርትሁን ይህን ስትሰማ ልትወድቅ ነው በሳቅ። የዘርትሁንም ወንድም ከዘጠኙ አንዱ ነው፤ እሷም ደፍ ላይ ውሃ ይንጠባጠባል። ሳቋን የሰማ ግን ይህን አያስብም ነበር። «አንቺ ሴት» አለቻት፣ «አንዲት ቃል ለማለት አራት ዓመት ትማሪያለሽ? እኔ ላሞቼን ሳልብ ስንት ቃል ነው በነፃ የምለቅቀው።»

«የተማረ አፍ ያለው ከተናገረ ነው የሚሄዱት። ለወንድምሽም እልልሻለሁ።»

«አደራ ታዲያ፣ ስትመረቂ እኔን እንዳትረሺኝ» አለች ዘርትሁን። እዚህ ላይ ሳቋ ጠፋ።

የመጀመሪያው ዓመት መቆም ነው። አንጓች ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ከጠዋት እስከ ቀትር ትቆማለች፤ ግድግዳው ሕዝብ ነው። ነጋሪት የለም፤ እጇን ነጋሪት እንዳለ አድርጋ ታነሳለች። ከቀትር በኋላ ዞራ ደግሞ ሌላው ግድግዳ ፊት ትቆማለች፤ እሱ ንጉሡ ነው። ለዚህኛው ትንሽ ጎንበስ ይባላል። አመሻሽ ቤቷ ስትገባ ደምለው አለ። በጎኑ ታልፋለች፣ እግሯ ውሃው ውስጥ ይገባል። ሳህን ታቀርብለታለች፣ አይነካም። «ጠብቀኝ» ትለዋለች። «ሦስት ዓመት ነው የቀረኝ።»

ሁለተኛው ዓመት ማለስለስ ነው። ይህን ሽበሺ ነው የሚያስተምረው። እሱ አንድ ቃል ይላታል፣ እሷ አለስልሳ ትመልሳለች።

«ረሃብ።»

«የእህል ዕረፍት።»

«ጎርፍ።»

«የውሃ ጉብኝት።»

«ሌባ።»

«ሳይጠራ የመጣ እንግዳ።»

«እሰይ። ሞተ።»

አንጓች መጀመሪያ ቀን እዚህ ላይ አፏ አልታዘዝ አላት። ሁለተኛም ቀን እንቢ አላት። በሦስተኛው ሳምንት «ዘገየ» አለች። ሽበሺ ደስ ብሎት ከኪሱ ሽምብራ አውጥቶ ሰጣት። በዚያን ቀን ቤቷ ስትገባ ዘርትሁን ደጅ ቆማ፣ «ደምለው መጥቷል» አለቻት። «እንዲህ አይባልም» አለች አንጓች፣ «ገና እየዘገየ ነው።» ዘርትሁን ተቀምጦ ያለውን ሰውዬ አየችው፤ አንጓችን አየቻት፤ ሄደች።

ሦስተኛው ዓመት አለማየት ነው። የተሰበረ እንስራ ያቀርቡላታል፤ እጀታው ደህና ከሆነ ስለ እጀታው ትናገራለች። የታመመ በሬ ያቀርቡላታል፤ ስለ ቀንዱ። በዓመቱ መጨረሻ ለተግባር ልምምድ ወደ ወንዙ ላኳት፤ ድልድዩን አይታ መጥታ በሰባቱ ፊት እንድትናገር። ሄደች። ወዲህ ማዶ ጉራጅ፣ ወዲያ ማዶ ጉራጅ፣ መሐሉ ባዶ። ውሃው ከሥሩ ይሄዳል። ቆማ ስታይ ዋለች። ተመልሳ አለቃ ጓንጉል ፊት ቀረበች።

«ድልድያችን በረከት ነው» አለች። «አንድ ነበር፤ አሁን ሁለት ሆኗል።»

አቤት ደስታ። እነዚያ ሽማግሎች ተነስተው አቀፏት። አለቃ ጓንጉል አለቀሱ። «ሁለት ድልድይ» እያሉ እርስ በርስ እንደ ልጅ ይኮረኮራሉ። እኔም ይህን ክፍል ስናገር ሳቄ ይመጣል፤ አይምጣብኝ እላለሁ፣ ይመጣል።

በዚያን ቀን አመሻሽ ላይ ዘርትሁን እሳት ልትጭር አንጓች ቤት ጎራ አለች። ደምለው ደፉ ላይ ነው። ሦስት ዓመት ሆኖታል፤ ጣቶቹ መሐል አረንጓዴ ነገር በቅሏል፣ ከጢሙ ውሃ ይንጠባጠባል፣ ቤቱ ሁሉ የወንዝ ጭቃና ሰም ይሸታል። ውሃው ምድጃው ድረስ ደርሷል። አንጓች ውሃው ውስጥ ቆማ ሽንኩርት ትከትፋለች።

«ምድጃሽ ሊጠፋ ነው፣ አንጓች።»

«ጤዛ ነው።»

«ባልሽ እኮ እያየሽ ነው።»

አንጓች ወደ ደፉ ዞረች። «ደፉ ጥሩ እንጨት ነው» አለች። «ወይራ ነው።»

ዘርትሁን እሳቱን ሳትወስድ ወጣች። ኋላ ላይ ስታወራ፣ ከሟቹ ይልቅ በዚያን ቀን አንጓችን ፈርቻት ነበር ብላለች። አንጓችም አንድ ነገር ነግራታለች፦ ወገቧ ሲቀዘቅዛት ታውቃለች፣ እግሯ ሲረጥብ ታውቃለች፣ ዓይኗ ግን ወደሱ ስትልከው እጀታ ፍለጋ ይሄዳል። ሊሸኘው የሄደ አፍ እሱን መጥራት ተሳነው። ይህን ስታውቅ አንድ ዓመትና አምስት ቀን ነበር የቀራት።

አራተኛው ዓመት የተማሩትን፣ ያን ጭብጨባ መጠበቅ ጭምር፣ መደጋገም ነው፤ አለፈ። ጳጉሜን ገባች። ያዩትን መናገር። ሰባቱ ተሰብስበው ያችን ክክ ከበቧት። ማን ያስተምር? ማንም አያውቀውም። አራቱን ቀን ክኳን ሲያዩ ዋሉ፤ ሽበሺ እጁን ከኋላው አስሮ። በአምስተኛው ቀን፣ «ትምህርቱ ተሰጥቷል» አሉ አለቃ ጓንጉል። «ዛሬ ፈተናው ነው። አደባባይ ወጥታ አንድ ያየችውን ነገር ትናገራለች።»

ጀምበር ስታዘቀዝቅ ሰው ሁሉ አደባባይ ወጣ። የዘጠኙ ቤተሰቦች በቃሬዛ እያነሱ፣ የየራሳቸውን ተቀማጭ ከደፉ አምጥተው በተርታ አስቀመጡ። ሲሸከሟቸው አይከብዱም ነበር አሉ፤ ውሃው ነው የሚከብደው። ዘጠኝ ሰው፣ በፀሐይ ብርሃን፣ ሲንጠባጠብ። የአደባባዩ አቧራ ጭቃ ሆነ። ዘርትሁን ወንድሟ አጠገብ ቆማ የነጠላዋን ጫፍ ነክሳለች፤ ቀድማ እንዳታለቅስ።

አንጓች ወደ ነጋሪቱ ሄደች። ሽማግሌው ነጋሪ እዚያው ናቸው፣ እጃቸው ከነመምቻው ቆዳው ላይ። አምስት ዓመት ማንም ያልቀረባቸው ሰው፣ እሷ ስትደርስ ጣታቸውን አንድ በአንድ አንስተው መምቻውን ለቀቁላት። ሕዝቡ ይህን አይቶ ወደ ኋላ አፈገፈገ። እሷ ግን አፏን ነው የፈራችው።

መታች። ድምፁ ወንዙ ድረስ ሄደ።

«ደምለው» አለች። «ባሌ ደምለው… ዘግይቷል።»

ሊቃውንቱ አጨበጨቡ።

እንደገና መታች። «ደምለውን ውሃው ጎብኝቶታል።»

አጨበጨቡ። «በጣም ጥሩ» አሉ አለቃ ጓንጉል፣ በዚያ ማር ድምፃቸው። «አንድ ጊዜ ይበቃሽ ነበር።»

ሦስተኛ መታች። ዓይኗን በግድ ወደሱ ላከችው፤ ጢሙ ላይ ደረሰች፣ ተንሸራተተች፣ ከኋላው ያለው ዛፍ ላይ አረፈች። «ደምለው ዘግይቷል» አለች፤ ይህን ስትል ድምፏ የሌላ ሰው ድምፅ ነበር። ሰዉ ጭብጨባውን ተቀበለ። ዘርትሁን ብቻ እጇን አላነሳችም።

እንግዲህ ኋላ ያልኳችሁ ይሄ ነው። በዚያ አገር ተቀማጭ ሲናገር የሰማ የለም፣ ከአባት ከአያት አልተሰማም። ጭብጨባው ጋብ ሲል፣ ደምለው ተነሳ። ጭቃው ውስጥ እግሩን እየጎተተ መጣ። ሰው ተከፈለለት። ሚስቱ ፊት ቆሞ፣ ከጢሙ የሚወርደው ውሃ ነጋሪቱ ቆዳ ላይ ጠብ ጠብ እያለ፣ እንደ ደከመው ሰው ሆኖ ጠየቃት። አልተነገረውማ። ለማንም ካልተነገረ ለሱስ ማን ይንገረው?

«አንጓች» አላት፣ «ምን ሆኜ ነው የዘገየሁት?»

እሷም ለሕዝብ ሳይሆን ለባሏ መለሰችለት። መምቻውን ጥላ፣ ነጋሪቱን ረስታ፣ ቤቷ ውስጥ እንዳለች አድርጋ። ያለችውን ሳላጎድል እነግራችኋለሁ፤ ቀድሜ ግን የተከተለውን ልጨርስ፣ እሷ ከተናገረች በኋላ ሌላ መናገር ይከብደኛልና። ዘርትሁን ወዲያው ወደ ወንድሟ ጎንበስ ብላ የራሷን በጆሮው ነገረችው። የቀሩት ቤተሰቦችም፣ ባሏን የያዘች ለባሏ፣ ልጁን የያዘ ለልጁ፣ እንዲያው ያለ ነጋሪት፣ እንደመጣላቸው ተናገሩ። ሽማግሌውን ነጋሪም አንዲት ውሃ ቀጂ «እርስዎም እኮ አባቴ» አለቻቸው። ተነሱ፤ አመሰገኑ አሉ። አሥሩም ወደ ወንዙ አቅጣጫ ሄዱ፣ ዳግም የመጣ የለም። በዚያ ሌሊት አገሩ ሁሉ አለቀሰ፤ ይልሱ ዘንድ ጨው አልበቃ አለ። አለቃ ጓንጉልም መዝገባቸውን ገልጠው፣ «ተማሪዋ ፈተናውን ወድቃለች፤ ነጋሪት ሳትመታ ተናግራለች» ብለው ጻፉ፤ አንጓች ያለ ማዕረግ ቀረች።

ደምለው ያን ሲጠይቃት፣ ዓይኗ ዓይኑ ላይ እንዳለ፣ የመለሰችለት ቃል ይህ ነው፦

«ሞተህ ነዋ፣ ደምለው። ድልድዩ ተደርምሶ ሞተህ ነው። አራት ዓመት ሙሉ ሳልነግርህ ቀረሁ፤ በል ሂድ፣ እኔም ላልቅስ።»